ነጭ ቀብቼ ለምን ግራጫ ሆነብኝ? ለጅማ ሳሎን የሚሆነውን ነጭ ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ አካባቢ ነው። አዲስ የብሎኬት ሳሎን ሠርተን ግንቦት ላይ ነጭ ቀባነው። ሱቅ ውስጥ ሳየው ጽድት ያለ ነጭ ነበር። ግድግዳው ላይ ግን ቀን ቀን ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ግራጫ ይመስላል። መስኮቱ አጠገብ አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። ማታ ደግሞ ክሊኒክ የገባሁ ይመስለኛል። ባለቤቴ ክሬም እንቀባው ይላል። ቀቢው ነጭ ሁሉ ያው ነው፣ ሲንተቲክ አድርጉት ይታጠባል ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ በሰሜን በኩል ያለ ክፍል ሞቅ ያለ ነጭ ይፈልጋል የሚል አነበብኩ፤ የእኛ መስኮቶች በሰሜንና በምሥራቅ ናቸው። ከጓሮ ያለችውን የእናቴን የጭቃ ቤትም አብሬ ማስቀባት እፈልጋለሁ። የትኛውን ነጭ ልግዛ? የተረፈኝን ሁለት ጋሎንስ ምን ላድርገው?»

ምላሽ፦ ነጭ ሁሉ ያው አይደለም። ቀቢሽ እዚህ ላይ ተሳስቷል። እንዲያውም ከቀለም ሁሉ ለመምረጥ የሚያስቸግረው ነጭ ነው። ቀይ ግድግዳ ምንም ብርሃን ቢያርፍበት ቀይ ነው። ነጭ ግን ፊቱ ያለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ደመናውን፣ የጓሮውን ዛፍ፣ ወለሉን፣ አምፖሉን። ግራጫውም፣ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም በትክክል ያየሻቸው ናቸው። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ሌላ ባልዲ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከሰማያዊው ልጀምር። ነጭ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ዋጋው ውድ ነው። ጥሩ ቀለም ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ርካሹ ውስጥ ግን ይቀነስና ቦታውን ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ጠመኔ መሰል የድንጋይ ዱቄት ይይዘዋል። ይሄኛው ዱቄት የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው፤ ስሚንቶውን ከሥር ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል፣ ነጩም ወደ ግራጫ ይሄዳል። በዚህ ላይ ነጩ ጽድት ብሎ እንዲታይ ፋብሪካዎች ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ማቅለሚያ ጠብ ያደርጉበታል። ነጭ ልብስ ሲታጠብ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ዱቄት እንደሚጨመረው ማለት ነው፤ ቢጫነቱን ይሰብርና ዐይን «ነጣ» ይላል። ቆርቆሮው ላይ «ሱፐር ዋይት»፣ «ስኖው ዋይት»፣ «ብሪሊያንት ዋይት» የሚል ካለበት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ ከላይ ረጃጅም መብራት እየበራበት፣ ዙሪያውን ባለ ቀለም ቆርቆሮ ተደርድሮ ስታይው ያምራል። ቤት ሲገባና ደመና ሲሆን ግን ያቺ ጠብታ ሰማያዊ ትወጣለች።

አረንጓዴው ከውጭ ነው የመጣው። ጅማ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ዛፍ የማያይ ቤት ጥቂት ነው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ቡና፣ ያልተከረከመ አጥር። ብርሃኑ ቅጠሉን ነክቶ ነው ወደ ቤትሽ የሚገባው፣ ስለዚህ አረንጓዴ ሆኖ ይገባል። መስኮቱ አጠገብ ያለው ግድግዳ በጣም የሚያሳየውም ለዚህ ነው። ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ይህን አረንጓዴ በደንብ ያጎላዋል። ትንሽ ቀይና ቢጫ ያዘለ ነጭ ግን ያለዝበዋል፤ ቀይ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ አንዱን ያጠፋዋል። ግቢያቸው ገና ድንጋይ ያልተነጠፈ፣ ቀይ አፈር የሆነ ሰዎች ደግሞ የተገላቢጦሹ ይገጥማቸዋል። በበጋ ፀሐይ አፈሩን ስትመታው የግድግዳው የታችኛው ክፍል ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ወለልም እንደዚያው ነው። ቀይ ሴራሚክ ከሆነ ቀይ፣ ሊሾ ከሆነ ግራጫ ወደ ላይ ይልካል። የእናንተ ወለል ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ሊሾ ከሆነ ግን ለግራጫው አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ አንድ ሰፊ ምንጣፍ ብቻ ብታነጥፊበት ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

አሁን ኢንተርኔት ላይ ስላነበብሽው። ያ ምክር የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ቤት ነው። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም ማለት ይቻላል። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከምናምን ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ መባቻና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ልክ በአናታችን ታልፋለች። በሁለቱ መካከል፣ ሰኔና ሐምሌን ጨምሮ፣ በሰሜን በኩል ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት በደቡብ ትሄዳለች፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በጣም ዘንበል ስለምትል በደቡብ መስኮት ቤት ውስጥ ድረስ ትገባለች። እንግዲህ አስቢው፤ የሰሜን መስኮትሽ ፀሐይ የሚደርሰው ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ወቅት ነው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ያኔም ወደ አናት የቀረበች ስለሆነች የጣሪያው ክፍክፍ ያስቀራታል። የምሥራቁ መስኮትሽ ጠዋት ጥሩ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጥሻል። ከረፋዱ በኋላ ሳሎኑ የሚኖረው በደመና ብርሃንና በቅጠል ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ማለትም ቀይና ቢጫ ያዘለ፣ የሚለው ለአንቺ ቤት ይሠራል፣ ምክንያቱ ግን የጅማ ክረምትና ዛፉ ነው። ይህን የምለው ሌላ አንባቢ የደቡብ መስኮት ይዞ የዚያኑ ምክር ገልብጦ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሰማያዊ ያዘለ፣ ነጭ እንዳይገዛ ነው። ዝናቡ እዚህ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። የዓመቱን ግማሽ በደመና የምናሳልፍ ሰዎች ግድግዳ መምረጥ ያለብን ለደመናው ቀን ነው።

የማታውን የክሊኒክ ስሜት በቀለም ለመፍታት አትሞክሪ። እሱ የአምፖል ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነው፤ ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም የሚለካ ቁጥር ነው። ይሄ ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ነው። 2700 ወይም 3000 የሚለው ቢጫ ነው፣ 4000 መካከለኛ ነው። ቀለም ከመግዛትሽ በፊት የሳሎኑን አምፖሎች በሙሉ 3000 ወይም 4000 አድርጊያቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ከሆነ አንድ ግድግዳ ሁለት ቀለም የተቀባ ይመስላል፣ ቀቢውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። አምፖል በመቀየር ብቻ ቀለም የመቀየር ሐሳባቸውን የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ምናልባት አንቺም ትተዪው ይሆናል።

ሌላ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ጨለም ያለ ክፍል ነጭ ቢቀባ ይበራል የሚባለው። ነጭ የራሱ ብርሃን የለውም፣ የመጣለትን ነው የሚመልሰው። ብርሃን በደንብ በሚገባበት ክፍል ጥሩ ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል፣ ክፍሉም ይፈካል። ምንም በማይገባበት ኮሪደር ግን የሚመልሰው ነገር ስለሌለው አመድ ይመስላል። እንዲህ ላለ ቦታ ነጭ አትምረጪ። ወፈር ያለ ክሬም ወይም ቀላል የአሸዋ ቀለም ጨለማ ውስጥም ሞቅ ብሎ ይታያል። የባለቤትሽ ክሬም እዚያ ቦታ አለው።

ሳሎን ውስጥ ግን ክሬሙን አልመክርም። ክሬም ቢጫው ብዙ ነው። ጠዋት በምሥራቅ ፀሐይና ማታ በቢጫ አምፖል ሲታይ ቅቤ ይመስላል፤ ነጭ በር፣ ነጭ መጋረጃ ወይም ነጭ ኮርኒስ አጠገቡ ሲሆን ደግሞ ያደፈ ነጭ ይመስላል። ሰው ክሬም ቀብቶ «ቶሎ ቆሸሸብኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ ቆሽሾበት አይደለም፣ ከነጩ ጋር ሲያወዳድረው ነው። ለሳሎንሽ የሚሆነው ኦፍ ዋይት የሚባለው ነው። ግን ጥንቃቄ፤ ኦፍ ዋይት የአንድ ቀለም ስም አይደለም። አንዱ ፋብሪካ ኦፍ ዋይት ብሎ የሚሸጠው ግራጫ ያዘለ ነው፣ ሌላው ቢጫ፣ ሌላው ሐምራዊ። በስሙ አትግዢ። ካታሎጉን፣ ማለትም የቀለም ናሙናዎቹን ዝርዝር፣ ይዘሽ ከሱቁ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እይው። የተደበቀውን ቀለም ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ካታሎጉን ንጹሕ የጽሕፈት ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ለብቻው ነጭ የመሰለሽ ያኔ ቢጫነቱ ወይም ሰማያዊነቱ ወዲያው ይወጣል። ካታሎጉ ቀለሞቹን ከቀላል ወደ ደማቅ በተርታ የደረደረ ከሆነ ደግሞ የዚያው ተርታ መጨረሻ ላይ ያለውን ደማቁን ተመልከቺ። ደማቁ ሮዝ ከሆነ ነጩ ውስጥም ሮዝ አለ፣ አረንጓዴ ከሆነም አረንጓዴ አለ። አንቺ የምትፈልጊው ተርታው ወደ ቡና በወተት ወይም ወደ ፈዘዝ ያለ ኮክ የሚሄደውን ነው፤ በጣም ቀላሉን፣ ከላይ የመጀመሪያውን። ወደ ሎሚ ቢጫ የሚሄደውን ተዪው። ሎሚ ቢጫ ላይ የቅጠሉ ብርሃን ሲያርፍ አረንጓዴነቱ ይብስበታል።

የጅማ ቤት ሌላም ለዚህ የሚስማማ ነገር አለው። የእንጨት ሥራችን ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ሶፋው፣ ቡፌው፣ በርጩማው። ቀይና ቢጫ ጠብ ያለበት ነጭ ከዚህ እንጨት ጋር ይዋሃዳል። ሰማያዊው ነጭ ግን እንጨቱን ጥቁር፣ ራሱን ደግሞ ባዶ ያደርገዋል።

ሲንተቲክ ለግድግዳ? አይሆንም። ይታጠባል ያለው እውነት ነው፣ ሌላውን ግን አልነገረሽም። ሲንተቲክ፣ ማለትም የዘይት ቀለም፣ ነጩ ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል፤ ይህ የሚብሰው ደግሞ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ነው። ቁም ሣጥን አንሥተሽ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ብታዪ ይገባሻል። በሁለተኛ ደረጃ እርጥበት አያሳልፍም። አዲስ የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ውሃ አለው፣ የጅማ አየርም እርጥብ ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል። አዲስ የስሚንቶ ልስን ደግሞ ኬሚካሉ ኃይለኛ ነው፣ የዘይት ቀለምን ይበላዋል፤ አንዳንድ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ተጣብቆ፣ ለስልሶ ሳሙና መሰል ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ያብረቀርቃል። መስኮትሽ በጎን ስለሆነ የልሳኙን የእጅ ሞገድ ሁሉ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ሽታው ለቀናት አይለቅም፣ የሚቀጥንበት አኳራጃም በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት መስኮት ዘግቶ ሲንተቲክ መቀባት አደገኛ ነው። ለማጠብ ብለሽ ሲንተቲክ ብትቀቢ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የሚታጠብ ግድግዳ ከፈለግሽ የሚታጠብ የፕላስቲክ ቀለም አለ። የውሃ ነው፣ ማት፣ ማለትም ወዝ የሌለው፣ ሳይሆን ሳቲን ወይም ሲልክ የሚባል ለስላሳ ወዝ ያለው። በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ይጠረጋል፣ ቶሎ ቢጫ አይሆንም። ወዙ በበዛ ቁጥር የልስን ጉድለት እንደሚያሳይ ግን እወቂ፤ ስቱኮው በደንብ ካልተላገ ወዙ አነስተኛ የሆነውን ምረጪ። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ይህ መታጠብ የቅንጦት ነገር አይደለም። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ቢጫ ቅባት ይተዋል፤ ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ጥግ ከፍ ብለሽ ብታዪ ታገኚዋለሽ። እሱን ሳታጥቢ በላዩ ብትቀቢ ቢጫው በአዲሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ይመለሳል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ለዓመታት የጠቆረ ከሆነ ብቻ ያን ቦታ ለይቶ በዘይት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት በሚቀባ መያዣ፣ አንድ እጅ መዝጋት ያስፈልጋል።

በሮችና የእንጨት ክፈፎች ላይ ሲንተቲክ ችግር የለውም፤ እዚያ ጥንካሬው ያስፈልጋል። ግን ነጭ ሲንተቲክ በር ቢጫ እንደሚሆን አውቀሽ ግቢበት፤ እኔ ብሆን በሩን የእንጨት ቀለሙን አስቀርቼ ቫርኒሽ ነበር የማስቀባው።

ውሳኔ ላይ ከመድረስሽ በፊት ሙከራ። ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ በቡርሽ ትንሽ ጫር አድርጎ ያያል። ይህ ያሳስታል፣ ምክንያቱም አዲሱን ከአሮጌው ነጭ ጋር እያወዳደርሽ ነው። የጂፕሰም ቦርድ ቁራጭ ወይም ጠንካራ ካርቶን ውሰጂ፣ በትንሹ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ። ሁለት እጅ ቀቢው፣ ይድረቅ። የፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሆኖና ደርቆ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ በማግስቱ እይው። ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ ወለል ላይ የተኛ ቀለም ሌላ ነው። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ፣ እኩለ ቀን ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ አመሻሽ ላይ ጥግ፣ ማታ በአዲሱ አምፖል ሥር። ዝናብ ያዘለ ቀን ላይ ሳታዪው አትወስኚ። ሁለት ሦስት አማራጭ ቦርድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዐይን ይደክማል፣ ሁሉም አንድ ይመስላል።

ስትገዢ ሂሳቡን ራስሽ ሥሪው። አንድ ሊትር ጥሩ የፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ነው እንበል። ዙሪያው 18 ሜትር፣ ግድግዳው 50 ካሬ ገደማ ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 42 ይወርዳል። ሁለት እጅ 84 ካሬ፣ ማለትም ስምንት ሊትር ተኩል አካባቢ። 10 ሊትር ግዢ፣ ትርፉ ለማደሻ ይቀመጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ምርት ቁጥር ግዢ። ቆርቆሮው ላይ ቁጥሩ አለ። በማሽን የተቀመረ ከሆነ ቀመሩን ክዳኑ ላይ አጽፊ። ከዚያ ቀቢው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ይቀላቅለው። ነጭ ላይ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ያለ ልዩነት አይታይም ይመስላል፣ ግድግዳው መሃል ላይ ሲገናኙ ግን ይታያል።

ስለ ውሃም ተነጋገሩ። ቀለም ለማብዛት ውሃ የሚያበዛ ቀቢ አለ። ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው በላይ ውሃ የገባበት ቀለም ሦስት እጅ ቢቀባም አይሸፍንም፣ ሲደርቅም በእጅ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ያሁኑን ግድግዳሽን በደረቅ መዳፍሽ ጠረግ አድርጊው። ነጭ ዱቄት እጅሽ ላይ ከቀረ ወይ ቀለሙ ርካሽ ነበር ወይ ውሃ በዝቶበታል፤ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፕራይመር መያዝ አለበት። ያለዚያ አዲሱ ቀለም የሚጣበቀው ዱቄቱ ላይ ነው፣ አብሮ ይላጣል።

ልስኑ መቼ እንዳለቀ አልጻፍሽም። የስሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት፣ በጅማ ክረምት ከዚያም በላይ። ያልደረቀ ግድግዳ ላይ ነጭ ሲቀባ ጨው ያወጣል፤ ነጭ ብናኝ ይሆንና ቀለሙን ያነሣዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወፈር ያለ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊና አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ተዪው። ከሥሩ ላብ ካለ ግድግዳው ገና ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ካየሽ ደግሞ በቀለም አትሸፍኚው፣ ሥሩ ውሃ ነው። አሸንዳው ያፈሳል? ከዞኮሎው ሥር የዝናብ ፍንጣቂ ይመታዋል? እሱ ይጠገን። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠሽ አጥቢው፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የእናትሽ የጭቃ ቤት ከሳሎንሽ ጋር አንድ ቀለም አይቀባም። እናትሽ ቅር እንዳይላቸው ምክንያቱን አስረጂያቸው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ጤናው ይሄ ነው። ሲንተቲክ ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ቀለም ሲለብስ ውሃው ውስጡ ይቀራል፣ ከታች ጀምሮ ይፈረፈራል፣ ማገሩንም ያበሰብሳል። ለእሱ የሚሆነው ኖራ ነው። ኖራ ያስተነፍሳል፣ ሻጋታ አይወደውም፣ ርካሽ ነው፣ ነጭነቱም ለስለስ ያለና ደስ የሚል ነው፤ ለጭቃ ቤት ከኖራ የተሻለ ነጭ አላውቅም። ቀጠን ተደርጎ ሦስት አራት እጅ ይቀባል፣ ግድግዳው ቀድሞ በውሃ ርጥብ ይደረጋል። ዐይን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት አይረሳ፣ ልጆች አይቅረቡ። ጉድለቱ ልብስ መንካቱና በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታደስ መፈለጉ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እዚህ አለ። ቤቷ የቆየች ከሆነች የበርና የመስኮቱ አሮጌ የዘይት ቀለም ሊድ፣ ማለትም መርዛማው የእርሳስ ብረት፣ ሊኖረው ይችላል። አሁን ባለው የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ የድሮው ቀለም ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በውሃ እያራሳችሁ ፋቁት፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱት፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

እንግዲህ የምትገዢውን ልንገርሽ። ለሳሎኑ ግድግዳ የሚታጠብ፣ መጠነኛ ወዝ ያለው የፕላስቲክ ቀለም፤ ነጭ ሆኖ የቀይና የቢጫ ጠብታ ያለበት፣ ከተርታው በጣም ቀላሉ። ሁለት እጅ። ለጨለማው ኮሪደር ካለ የባለቤትሽ ክሬም። ለእናትሽ ቤት ኖራ። የተረፈሽን ሁለት ጋሎን ከመጣል የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ቀቢበት፤ እዚያ ሰማያዊነቱ ብዙም አይታወቅም። የሳሎኑን ኮርኒስ ግን በእሱ አትቀቢ፣ ሞቅ ያለው ግድግዳ ያደፈ ይመስልብሻል። የሳሎኑ ኮርኒስ ጂፕሰም ከሆነ ግድግዳውን የተቀባውን ያንኑ ነጭ በማት ቀቢው። ፒቪሲ ከሆነ ቀለሙን መለወጥ አትችዪም፤ ሰማያዊነት ያለው ነጭ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ የሙከራ ቦርዱን ከኮርኒሱ ሥር አስጠግተሽ ሳታዪ አትግዢ።

አሁን አታስቀቢ። ዝናቡ ሳያባራ የተቀባ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ የመጀመሪያው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛው ይደረብበታል፣ ነጩም ጥላ ጥላ ይሠራል። ኅዳር ይግባ። እስከዚያ አምፖሎቹን ቀይሪ፣ አሸንዳውን አሠሪ፣ ላስቲኩን ለጥፈሽ እርጥበቱን ፈትሺ፣ ቦርዶቹን በደመናም በፀሐይም እያቆምሽ እያቸው። ቀቢውንም ጥሪና ቦርዱን ማታና ጠዋት አሳዪው።